የዲሽ ጥገና ማስታወሻ፦ ደብረ ማርቆስ፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት

ነሐሴ፣ መነሻ

ቤቱ ደብረ ማርቆስ ያለው የወላጆቼ ቤት ነው። ያለው ዕቃ፦ 90 ሳንቲ ሜትር የብረት ዲሽ፣ አንድ ኤልኤንቢ (ከዲሹ ፊት ታስሮ ሲግናሉን የሚቀበለው ዕቃ)፣ 25 ሜትር ገደማ ኬብል፣ ኤችዲ ሪሲቨር። የምናየው ኢትዮሳትን ነው፤ በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ካለው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት የሚመጣውን።

ችግሩ ምስሉ ካሬ ካሬ ሆኖ መሰባበሩ፣ ድምፁ መንጠባጠቡ፣ ከዚያም «ሲግናል የለም» የሚለው ሳጥን መምጣቱ ነው። ዝናብ ሲጥል መጥፋቱ አይገርምም። የሚገርመው ካባራ በኋላም ለሰዓታት አለመመለሱ ነው። ፀሐይ ጠንክራ ከወጣች በኋላ ማንም ሳይነካው ራሱ ይመለሳል።

ሰፈራችን ውስጥ ቴሌቪዥን ሲቆራረጥ የታወቀው መድኃኒት ወጥቶ ዲሽ ማዞር ነው። አንዱ ውጭ ሆኖ «አሁንስ?» ይላል፣ ውስጥ ያለው «ወደነበረበት መልሰው!» ይላል፣ ሲመሽ ከነበረበትም ይብሳል። ስለዚህ መቼ እንደሚጠፋና የትኛው ጣቢያ እንደሚጠፋ በወረቀት ሳይሰፍር ዲሹን ማንም እንዳይነካ ተስማማን። እናቴ ብቻ አልተስማማችም። «ለዘመን መለወጫ ካልደረሰ ወረቀቱን ምን ልሠራበት ነው?» አለች።

ታናሽ እህቴ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ የሪሲቨሩን ሲግናል ገጽ እየከፈተች ሁለት ፍሪኩዌንሲ መዘገበች፦ 11105 ኤች 45000 እና 11545 ኤች 45000 (የመጀመሪያው ቁጥር ፍሪኩዌንሲው በሜጋኸርዝ፣ ኤች የሞገዱ አቅጣጫ፣ 45000 መረጃው የሚላክበት ፍጥነት ነው)። በደረቅ ቀን 11105 ላይ ኳሊቲው (ሲግናሉ ምን ያህል ጥርት ብሎ እንደሚነበብ) 54፣ 11545 ላይ 41። እርጥብ በሆነ ጠዋት ሁለቱም ዜሮ፤ ስትሬንግዙ (የሚደርሰው የኃይል መጠን) ግን ከ60 በላይ እንዳለ ነው። (እነዚህ በመቶዎች የሪሲቨሩ የራሱ ሒሳብ ናቸው። ከጎረቤት ሪሲቨር ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም፤ ከራሱ ከትናንቱ ጋር ብቻ ነው የሚወዳደረው።)

ከዚህ ሁለት ነገር ይነበባል። አንደኛ፣ ስትሬንግዝ እያለ ኳሊቲ ዜሮ ከሆነ ኤልኤንቢው አልሞተም፤ የሆነ ነገር እየላከ ነው፣ ግን የምንፈልገውን አይደለም። ሁለተኛ፣ 11545 ሁልጊዜ ከ11105 ያንሳል። ኤልኤንቢው ከሰማይ የተቀበለውን ፍሪኩዌንሲ 9750 ቀንሶለት ነው ወደ ኬብሉ የሚያወርደው። ስለዚህ አንዱ በ1355 ሜጋኸርዝ፣ ሌላው በ1795 ሜጋኸርዝ ይወርዳል። መጥፎ ኬብል ከፍ ያለውን ይበልጥ ይበላል። ልዩነቱ ይህን ያህል ሲሰፋ ከዲሹ በፊት ኬብሉን መጠርጠር ነው።

ጎረቤታችን ያሉ አዛውንት ግን ፍርዳቸውን ሰጥተው ነበር፦ «ጮቄ ነው የሚከለክላችሁ፣ ተራራውን ምን ታደርጉታላችሁ?» በአንቴና ዘመን ቢሆን ያስኬድ ነበር። ይህ ሳተላይት ግን ከደብረ ማርቆስ ሲታይ ከአድማስ 64 ዲግሪ ተኩል ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው፤ አቅጣጫውም ወደ ደጀን ገደማ እንጂ ወደ ጮቄ አይደለም።

ነሐሴ መጨረሻ፣ አዲስ ኤልኤንቢ

የዕቃ መሸጫው ሰው ነገሩን ሰምቶ ሳይጨርስ «ኤልኤንቢው ሄዷል» አለ። 650 ብር። ገጠምነው፤ 11105 ላይ 55፣ 11545 ላይ 41። ለውጥ የለም። አሮጌው ተመልሶ ገባ፣ አዲሱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ለመጠባበቂያ ተቀመጠ። ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ቢያንስ ተጠርጣሪ ቀነሰ።

ጳጉሜን፣ ቮልቴጅ መለካት

ሪሲቨሩ ኤልኤንቢውን የሚያዝዘው በዚያው በሲግናሉ ኬብል በሚልከው ቮልቴጅ ነው። 13 ቮልት ከላከ ኤልኤንቢው ቪ (ቁም የሚወዛወዘውን ሞገድ) ይቀበላል፣ 18 ቮልት ከላከ ኤች (አግድም የሚወዛወዘውን)። እኛ የምናያቸው ጣቢያዎች በኤች ናቸው። እንግዲህ ኬብሉ መንገድ ላይ ቮልቴጁን ከበላው፣ ኤልኤንቢው 18 መሆኑ ቀርቶ 15 አካባቢ ሲደርሰው ወደ ቪ ይገለበጣል። ያኔ ስትሬንግዝ ይኖራል፣ ኳሊቲ አይኖርም። ምልክቱ ከኛ ጋር አንድ ነው።

መሣሪያ፦ ተራ ዲጂታል ቴስተር፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ 10 እና 13 ቁጥር ቁልፍ፣ መሰላል።

ሪሲቨሩ ጀርባ ላይ፦ ኤች ሲመረጥ 18.4፣ ቪ ሲመረጥ 13.3። ደህና ነው። ዲሹ ጋ ኬብሉ ከኤልኤንቢው ተነቅሎ ሲለካ፦ 18.1። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ኬብሉ ደህና ነው» ብሎ ይወርዳል። ነገር ግን ምንም ከረንት ሳይሳብ የተለካ ቮልቴጅ ስለ ኬብሉ አይናገርም። ኤልኤንቢው ተገጥሞ እየሠራ እያለ መለካት አለበት። ለዚህ አንድ ስንዝር ኬብል በሁለት በኩል ኮኔክተር ገጥመን፣ መሐሉ ላይ ቆዳውን ትንሽ ገፈን በኬብሉና በኤልኤንቢው መካከል አስገባነው፤ የቴስተሩ ጫፎች በተገፈፈው ላይ ይነካሉ። (የመሐሉ ሽቦና ዙሪያው ያለው መረብ እንዳይነካኩ! ኬብል ሲነቀልና ሲሰካም ሪሲቨሩን ከሶኬት ማውጣት ነው። ሾርት ከሆነ የሚቃጠለው የሪሲቨሩ ፓወር ሳፕላይ ነው።)

ውጤቱ፦ ቀትር ላይ፣ ሁሉ ነገር ደርቆ ሳለ 16.9። በማግሥቱ ጠዋት፣ ሌሊት ዘንቦ ካደረ በኋላ 14.6። ይኸው ነው።

ኤልኤንቢው 150 ሚሊአምፔር ያህል ይስባል ብንል፣ ከ18.1 ወደ 14.6 መውረድ 23 ኦም ገደማ ተቃውሞ ማለት ነው። ደህና ኬብል በዚህ ርዝመት ይህን ያህል አይኖረውም። አንድ ቦታ የበሰበሰ መጋጠሚያ አለ።

ያለበት ቦታ ከጣራው ክፈፍ ሥር ተገኘ። ድሮ፣ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ናይልሳት ላይ በነበሩ ጊዜ፣ ሁለት ዲሽ ነበረን፤ እዚያ ላይ ስዊች ነበር። ጣቢያዎቹ ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ ስዊቹ ወጣና ሁለቱ የኬብል ጫፎች በእጅ ተጠማዝዘው በናስትሮ ታሰሩ። ናስትሮው ሲፈታ የመሐሉ ሽቦ አረንጓዴ ሆኗል፣ መረቡ ሲነካ ይፈርሳል፣ ኬብሉ ተገልብጦ ሲራገፍ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። ውኃው በመረቡ ተስቦ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቷል። ይህን ቆርጦ እንደገና ማገናኘት ዋጋ የለውም፤ ሙሉ ኬብል መቀየር ነው።

ኬብል ስትገዙ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። የመሐሉ ሽቦ ማግኔት ከያዘ ብረት ሆኖ ላዩን ብቻ መዳብ የተቀባ ነው። ሲግናሉን ያሳልፋል፤ ቮልቴጁን ግን ከሙሉ መዳብ ይልቅ ይበላል። የኔ ምርጫ በሜትር 35 ብር የነበረው ሆነ፤ 25 ሜትር፣ 875 ብር። ኮኔክተሮች 80 ብር። መሐል ላይ ምንም መጋጠሚያ የለም፣ ከኤልኤንቢ እስከ ሪሲቨር አንድ ወጥ።

ከቅየራው በኋላ፦ ቮልቴጅ 17.6። 11105 ላይ 61፣ 11545 ላይ 58። የሁለቱ ልዩነት ከ13 ወደ 3 ወረደ። ጠዋት ጠዋት መጥፋቱ ቆመ። ለእንቁጣጣሽ ደረሰ፣ እናቴም ወረቀቱን ይቅር አለችው። ከባድ ዝናብ ሲመጣና ነፋስ ሲኖር ግን አሁንም ይሰባበራል።

መስከረም መጀመሪያ፣ የኤልኤንቢው ዙር

ዲሹን ካለበት ሳላንቀሳቅስ ኤልኤንቢውን ብቻ ለመፈተሽ ቁጭ አልኩ። አንገቱ ላይ የዲግሪ መስመሮች አሉት። 40 አካባቢ ላይ ነው የታሰረው። ማን እንደወሰነው አይታወቅም፤ ምስል ሲመጣ ጠበቅ ተደርጎ የታሰረ ይመስላል።

ኤች እና ቪ የሚባሉት ከኛ ግቢ ወለል ጋር የሚለኩ አይደሉም። ኤች ማለት እንደዚህ ላለው ሳተላይት ከምድር ወገብ ጋር ትይዩ የሆነው ነው። ከምድር ወገብ በጣም ርቆ በሰሜን ያለ አገር ውስጥ ኤልኤንቢው ትንሽ ዘንበል ቢል ይበቃል። እኛ ግን 10 ዲግሪ ላይ ነን፤ ሳተላይቱ ደግሞ ወደ ምሥራቅ 19 ዲግሪ ይርቃል። ስለዚህ የኛ «አግድም» ከሞላ ጎደል ቆሞ ነው የሚታየው። ለደብረ ማርቆስ ስሌቱ 61 ዲግሪ ይሰጣል። ለባሕር ዳር 58 ወይም 59። ከውጭ አገር ቪዲዮ አይቶ ኤልኤንቢውን ቀጥ አድርጎ የሚያስር ሰው እዚህ የሚቸገረው ለዚህ ነው።

አዟዟሩ፦ ከዲሹ ጀርባ ቆሞ ወደ ሳተላይቱ ለሚያይ ሰው ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ። ከፊት ቆሞ ዲሹን ለሚያይ ደግሞ የኬብሉ መውጫ ከ6 ቁጥር ተነሥቶ ወደ 8 ቁጥር ይሄዳል።

የ20 ዲግሪ ስህተት ሲግናሉን የሚቀንሰው በ12 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ለዚያ ብቻ ቢሆን ግድ የለም። ጉዳቱ ሌላ ነው፦ ያንኑ ያህል 12 በመቶ ከቪ በኩል ሾልኮ ይገባል። በዚያው ፍሪኩዌንሲ በቪ የሚላክ ነገር ካለ ለኛ ጫጫታ ነው። ስትሬንግዙ ምንም ሳይል ኳሊቲው ይወርዳል።

እህቴ ቁጥሩን በመስኮት እየጮኸች፣ እኔ በ5 ዲግሪ በ5 ዲግሪ። 45 ላይ 64፣ 50 ላይ 68፣ 55 ላይ 71፣ 60 ላይ 73፣ 65 ላይ 72፣ 70 ላይ 69። «ወንድምዓለም፣ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ነበር፣ አሁን ወረደ፣ መልሰው!» ወደ 61 ተመለሰና ታሰረ። ስሌቱና ሪሲቨሩ መስማማታቸው ደስ ይላል። ከዚያ ኤልኤንቢውን በመያዣው ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ በጥቂት ሚሊ ሜትር መግፋት አንድ ነጥብ ጨመረ።

አንድ መዘዝ አለው። ኤልኤንቢው እንዲህ ሲዞር የኬብሉ መግቢያ ወደ ጎን ስለሚሆን የዝናብ ውኃ ኬብሉን ተከትሎ ኮኔክተሩ ውስጥ ይገባል። ኬብሉ ከኮኔክተሩ ወጥቶ መጀመሪያ ወደታች ታጥፎ ከዚያ እንዲወጣ አደረግን፤ ውኃው ከእጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል። ኮኔክተሩ ላይ የጎማ ቆብ፣ በላዩ ናስትሮ። ሲሊኮን ኮኔክተሩ ውስጥ አልሞላሁም፤ የኮምጣጤ ሽታ ያለው ዓይነት መዳብን ይበላል።

መስከረም 17 ገደማ፣ የፀሐይ ጥላ

ነፋስ ሲኖር መሰባበሩ ግን ገና አልቆመም። ዲሹ ይወዛወዝ ይሆናል ብዬ ቡሎኖቹን ሁሉ አጠበቅሁ፣ ሁለት ሮንዴላ ቀየርኩ፤ ልዩነት የለም። ዲሹ ካልተወዛወዘ የሚወዛወዘው ሌላ ነገር ነው ማለት ነው። ከዲሹ ፊት ለፊት፣ ከአጥሩ ማዶ፣ የጎረቤታችን ባሕር ዛፍ አለ። ዲሹ ሲተከል ቁመቱ ከአጥር ብዙም አያልፍም ነበር።

ዛፍ ይከልል እንደሆነ በዓይን መገመት ያስቸግራል። በተለይ የኛ ዲሽ ዓይነት ሰውን ያታልላል፤ ኤልኤንቢው ከመሐል ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ዲሹ ከሚያይበት አቅጣጫ ይልቅ ወደታች ያፈጠጠ ይመስላል። የስልክ ኮምፓስም የቆርቆሮ ጣራና የብረት ቱቦ አጠገብ ይሳሳታል።

ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ ራሷ ታሳያለች። ፀሐይ ወደ ደቡብና ወደ ሰሜን በምትሸጋገርባቸው ሁለት ወቅቶች፣ ለጥቂት ቀናት፣ በቀን ለጥቂት ደቂቃ፣ ከኛ ስትታይ በትክክል ሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች። ለደብረ ማርቆስና ለዚህ ሳተላይት ስሌቱ በመስቀል ሰሞን ላይ ይወድቃል፤ ሰዓቱም ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ50 ገደማ። በዚያች ደቂቃ የፀሐይ ብርሃንና ሲግናሉ በአንድ መንገድ ነው የሚመጡት። ዲሹ ላይ ጥላ ካረፈ ሲግናሉም ተከልሏል፤ ሙሉ በሙሉ በፀሐይ ከደመቀ መንገዱ ክፍት ነው። ኮምፓስ የለ፣ ማስያ የለ።

በዚያች ደቂቃ ቴሌቪዥኑ ቢሰባበር አይደነቅም። ፀሐይ ራሷ በዚህ ሞገድ ጫጫታ ታወጣለች፣ ዲሹም ቀጥታ ወደ እሷ እያየ ነው። ስለዚህ ያን ጊዜ የሪሲቨሩን ቁጥር አለማየት፣ ጥላውን ብቻ ማየት።

የደመራው አመድ ሳይበርድ፣ በመስቀል ጠዋት፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። 4 ሰዓት ከ50 ላይ የዲሹ የላይኛው ግራ ጥግ፣ ሩብ ያህሉ፣ በቅጠል ጥላ ተሸፍኗል። ነፋስ ሽው ሲል ጥላው እስከ መሐል ይደርስና ይመለሳል። እህቴ በስልኳ ቀረጸችው፤ ለድርድሩ ያስፈልግ ነበር።

ሒሳቡን ለሌላ ወቅት ለሚፈልግ፦ 64 ዲግሪ ተኩል ከፍታ ማለት ዛፉ ከዲሹ በላይ ያለው ቁመት ከዲሹ ካለው ርቀት ከሁለት እጥፍ ትንሽ ካለፈ ይከልላል ማለት ነው። የኛው 4 ሜትር ላይ ነው፤ ከዲሹ በላይ 8 ሜትር ተኩል ሲደርስ መከለል ይጀምራል። ባሕር ዛፍ ለዚህ ብዙ ዓመት አይፈጅበትም።

ለአዛውንቱ ቪዲዮውን አሳየኋቸው። ሁለቴ አዩት። «እንግዲህ ተራራው ካልሆነ ዛፌ ሆነ» አሉና ሣቁ። ቀጥለው፦ «ኅዳር ላይ ለአጠና እቆርጠዋለሁ፣ እስከዚያ ታገሡኝ፤ አሁን ብቆርጠው እርጥብ ነው፣ ገዢ ያረክሰዋል።» ትክክል ናቸው። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ቢቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ እዚያው እንገናኛለን። ስለዚህ ዛፉን ሳይሆን ዲሹን ማዛወር መረጥን።

አዲሱን ቦታ የመረጥነውም በዚያችው ፀሐይ ነው። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ግቢውን ዞረን ፀሐይ ያረፈባቸውን ቦታዎች በድንጋይ ምልክት አደረግን። የኩሽናው ማዕዘን ከጥላው ጫፍ ሦስት ሜትር ያህል ይርቃል፤ ዛፉ ቢረዝምም ጥላው በዚያ በኩል አያልፍም። እናቴ መጀመሪያ «ከምድጃዬ ጭስ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብላ ነበር። ጭስ ሲግናል አይከለክልም፤ ጥላሸቱ ግን ከጊዜ በኋላ ዲሹን ያጠቁረዋል፣ መጥረግ ይኖርበታል።

መስከረም መጨረሻ፣ ማዛወር

ቱቦ ብረት 900 ብር፣ ብየዳ 300፣ ሲሚንቶ ከቤት። ጉድጓዱ 60 ሳንቲ ሜትር። ቱቦው ቀጥ ብሎ መቆሙን በቱንቢ ከሁለት አቅጣጫ አየን፤ ቱቦው ካዘመመ ዲሹን ወደ ጎን ባዞርክ ቁጥር ከፍታውም አብሮ ይለወጣል፣ ፍለጋው ማለቂያ አይኖረውም። ሲሚንቶው እስኪጠነክር ምንም አልተሰቀለም።

ዲሹ ሲገጠም አቅጣጫው 117 ዲግሪ፣ ማለትም ከምሥራቅ ወደ ደቡብ 27 ዲግሪ። ከፍታው በመያዣው ላይ ባለው ሚዛን 64 አካባቢ። መጀመሪያ ከፍታውን አስሮ ወደ ጎን ቀስ እያሉ መጥረግ፣ ኳሊቲ ብቅ ሲል ማቆም፣ ከዚያ ከፍታውን ማስተካከል። ሪሲቨሩ ቁጥሩን የሚያሳየው ዘግይቶ ነው፤ ከእያንዳንዱ ንቅናቄ በኋላ ሦስት አራት ሰኮንድ መጠበቅ ግድ ነው። ዳዶዎቹን በአንድ በኩል ብቻ ማጥበቅ ዲሹን ይስበዋል፣ ተራ በተራ ትንሽ ትንሽ ነው የሚጠበቁት።

ኬብሉ ለአዲሱ ቦታ እንዲያውም ተረፈ፤ ትርፉ ተቆርጦ ወጣ። ተጠቅልሎ ከጣራ ሥር አልተሰቀለም።

ቁጥሮች፦ 11105 ላይ 78፣ 11545 ላይ 76። ነፋስ ባለበት ቀን እህቴ ገጹን ከፍታ ተቀመጠች፤ ከአንድ ነጥብ በላይ አልተንቀሳቀሰም።

ጥቅምት መጀመሪያ

የወቅቱ የመጨረሻ የሚመስል ኃይለኛ ዝናብ ከበረዶ ጋር መጣ። ኳሊቲው ከ76 ወደ 49 ወረደ፣ ምስሉ ግን አልተሰበረም። ከዚህ የባሰ ዝናብ ሊያጠፋው ይችላል፤ የዚህ ሞገድ ባሕርይ ነው፣ መፍትሔው ትልቅ ዲሽ ብቻ ነው። 1.2 ሜትር ለመግዛት አላሰብንም።

ወጪ፦ ኬብል 875፣ ኮኔክተር 80፣ ናስትሮና የጎማ ቆብ 110፣ ቱቦ 900፣ ብየዳ 300፣ ቡሎንና ሮንዴላ 60። ድምር 2325 ብር። ያልተጠቀምንበት ኤልኤንቢ 650 ከዚህ ውጭ ነው።

የቀሩ ሥራዎች፦ የዲሹ ጀርባ ዝገት ጀምሯል፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል (ፊቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ቀለም አይሆንም፤ ፀሐይ ከሳተላይቱ ጀርባ ስትደርስ ሙቀቱን ኤልኤንቢው ላይ ይሰበስበዋል)። አሮጌው ቱቦ ይነቀል ወይስ ለልብስ ማስጫ ይቅር አልተወሰነም። ፀሐይ ተመልሳ ከሳተላይቱ ጀርባ የምታልፈው መጋቢት 7 ገደማ፣ 5 ሰዓት ከ8 ደቂቃ አካባቢ ነው፤ በኩሽናው ማዕዘን ጥላ መኖር አለመኖሩ ያን ጊዜ ይታያል።